ጎማ ያለው ሣጥን

«እሱን ብቻ ንገረኝ፤ ጎማው ለምን አስፈለገ?» አለች ሥርጉት። ቀድሞም ጠይቃው ነበር፤ አሁን ግን ድምፅዋ ከፍ ብሎ ከእንጨት ሥራ ቤቱ አልፎ መንገድ ላይ ይሰማ ጀመር።

ፍሥሐ ከተጋደመው ኮምፔንሳቶ ላይ ዓይኑን አላነሣም። በእርሳስ የተሰመረውን መስመር በጣቱ እየተከተለ፣ ኪቦርዱ ከነሣጥኑ ስለሚከብድ ከመሸከም መጎተት ይሻላል ብሎ መለሰላት።

«የት ነው የምትጎትተው? አንኮበር ቁልቁለት ላይ? የምትሄድበት የሠርግ ቤት ሁሉ መግቢያው ድንጋይ ነው። ጎማ የሚያስፈልገው ኤርፖርት ለሚሄድ ሰው ነው።»

«ኤርፖርትን ደግሞ ምን አመጣው?»

«እኔ ነኝ የምጠይቅህ።»

አናጺው ዘርአ ዳዊት መላጊያውን አስቀመጠ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዕድሜ ልኩን አልጋና ቁም ሣጥን፣ ለገጠር ሙሽራ ደግሞ ባለ ቀለም ሣጥን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። «ለሙሽራ ሣጥን ስሠራ አማቶች ሲጣሉ አይቻለሁ» አለ፤ «ለኦርጋን ሣጥን የተጣላ ግን ከእናንተ በፊት አላየሁም። ትስማሙና ልቁረጠው ወይስ ሻይ ጠጥቼ ልምጣ?»

ማንም አልሳቀለትም።

ሥርጉት በእጅዋ ጥቁር ቦርሳ ይዛለች። በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ በሁለት ማንገቻ ጀርባ ላይ የሚታዘል የኪቦርድ ቦርሳ ነው። ከአዲስ አበባ አስመጥታ እስኪደርስላት ድረስ ለብቻዋ ስትፈግግ ነበር የሰነበተችው። ፍሥሐ ኪቦርዱን ሁልጊዜ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው የሚሄደው። የሚኒባሱ ረዳት ተቀብሎ ጣሪያው ላይ ከገብስ ጆንያና ከታሰረ በግ መካከል ሲወሽቅበት ማየት ያማት ነበር። አንድ ጊዜ ከጫጫ ሲመለስ መሃል ላይ ያሉት ነጫጭ መምቻዎች ተሰባብረው፣ እንደ ታመመ ልጅ አቅፎት ሲወርድ አይታዋለች።

ፍሥሐ ቦርሳውን ተቀብሎ ገልብጦ አይቶት ነበር። ስፖንጁን ጫን ጫን አደረገው፣ ዚፑን ከፍቶ ዘጋው፣ አመሰገናት። ከዚያም አይሆንም አለ። ቦርሳ ከጭረትና ከዝናብ ያድናል እንጂ ከላይ ጆንያ ቢወድቅበት አያድንም፤ ሣጥኑ ግን ሰው ቢቆምበትም አይጎዳም። እዚህ ድረስ እውነቱን ነው ብላ ነበር። ክፉኛ የከነከናት ነገር የመጣው ለአናጺው ርዝመቱን ጨምርልኝ ሲለው ነው። ማቆሚያውም፣ ፔዳሉም፣ ገመዱም አብሮ እንዲገባ ፈልጓል።

«አንድም ነገር እንዳይቀር» አለው።

ሠርግ የሚሄድ ሰው ቤቱ የሚያስቀረው ነገር አያጣም። የተበጠሰ ገመድ፣ አሮጌ ማቆሚያ፣ ሌላ ቀን የሚፈልገው አንዳች ነገር ይኖረዋል። ጠራርጎ የሚይዘው የማይመለስ ሰው ነው።

«ማቆሚያውን ምን ልታደርግ ነው? የሠርግ ቤት ጠረጴዛ አያጣም ስትል አልነበር?»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። የሚወዳት ሰው ዓይን ነበር፤ ግን አልቆየም። ዓይኑ እንደ ተያዘ ሰው ወደ በሩ ሸሸ።

«ሥርጉትዬ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይህችን አንድ ነገር ዝም ብለሽ እመኚኝ።»

ከዚያች ቃል በላይ ያስፈራት አልነበረም። ቦርሳውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ በትከሻዋ አንግታ ወጣች። የደብረ ብርሃን ንፋስ ፊቷን መታት። ባዶ ቦርሳ እንዲህ ይከብዳል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

የተዋወቁትም በሠርግ ላይ ነው። ሥርጉት የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ የቢሮ ጓደኛዋ ስታገባ ወንበር ለማስተካከል ከሰው ሁሉ ቀድማ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ፍሥሐ ለብቻው ተቀምጦ ለማንም ሳይሆን ለራሱ ይጫወት ነበር። አይቷት አላቆመም። ሥራዋን ጨርሳ ልትወጣ ስትል ግን ዜማውን ለወጠው፤ እሷም በሩ ላይ ደርሳ ያልረሳችውን ሻርፕ ልትፈልግ ተመለሰች።

እሱ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነው። የእሷ አባት መሪጌታ ወልደአረጋይ አንኮበር ውስጥ ድጓ ያስተምራሉ። ለእሳቸው መጠጥ በሚጠጣበት ቦታ የሚጫወት ሁሉ፣ በማሲንቆም ይሁን በኤሌክትሪክ፣ አዝማሪ ነው። ስለ ፍሥሐ የሰሙ ዕለት፣ ደቀ መዛሙርቴን በምን ዓይኔ አያለሁ ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸው ከቁጣቸው ይብሳል። ፍሥሐ ፋሲካ ሲያልፍ ሽማግሌ እንደሚልክ ነግሯት ነበር። ፋሲካ አለፈ፣ የሠርጉ ወራት ገባ፣ ሽማግሌ ግን የለም። የመጣው ሣጥን ነው።

ከዚያች ቀን ወዲህ ያላየችውን ማየት ጀመረች። ስልክ ሲደወልለት ወደ ውጭ ይወጣል። ስትጠጋው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከቢሮ ስትመለስ ደግሞ፣ ብርድ ልብስ ጭኖ ወደ ሐዋሳ ከሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ቆሞ ሲነጋገር አየችው። እጆቹን ዘርግቶ የሣጥኑን ርዝመት ያሳየው ነበር። ሰላም ሳትለው በሌላው መንገድ ዞራ ሄደች።

ሐዋሳ ማን አለው? ከእሱ ጋር የምትሄደውስ ማን ናት? ይህን ስታስብ ከሔራን ሌላ ሰው አልመጣላትም። ሔራን የባንዱ ዘፋኝ ናት፤ ቀን ቀን የውበት ሳሎን ትሠራለች። ከፍሥሐ ጎን ቆማ ስትዘፍን በዓይን ብቻ ይግባባሉ፤ ሥርጉት ያንን መግባባት አንድም ቀን ወዳው አታውቅም። ሳሎኑ ድረስ ሄደች።

ሔራን የደንበኛ ፀጉር እየተኮሰች በመስታወቱ ውስጥ አየቻትና ፊቷ ጠቆረ። «ልትሰናበቺኝ ነው የመጣሽው?»

«ወዴት ልሄድ?»

«እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ። የቄስ ልጅ ናት፣ ጨዋ ናት እያልኩ ስከራከርልሽ ሰው ታስኮበልያለሽ። ሌላ ኪቦርዲስት ፈልጊ ብሎኛል። ከነገ ወዲያ ጫጫ ሠርግ አለብኝ፤ ምን ይዤ ልቁም? ለምን ስለው መልስ የለውም።»

ሥርጉት በአጠገቧ ያገኘችውን ወንበር ይዛ ተቀመጠች። እሷ ደግሞ ይዘሽው የምትሄጂ አንቺ ነሽ ብላ መምጣቷን ነገረቻት። ሔራን መተኮሻውን አስቀምጣ ዞረች። ሁለቱ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቂም ተያዩ። ለወራት ያሳደጉት ቅናት የሚያርፍበት አጣ። ሥርጉት ሔራንን መጥላት እንዲህ መደገፊያ ሆኗት እንደ ነበር ያወቀችው፣ ከእጅዋ ሲወጣ ነው።

እናቷ ወይዘሮ ደመቀች የደወሉላት በዚያው ቀን ማታ ነው። ነገ ሽማግሌ እንደሚመጣ ቃል ስለ ደረሳቸው ፈቃድ ጠይቃ እንድትመጣ አዘዟት።

ሥርጉት ወደ አንኮበር በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አሰበች። የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ይልካል? ይልካል፤ ጠብቂኝ ብሎ አስሮ ለመሄድ ይልካል። እጮኛ አስይዘው ሄደው በዚያው የቀሩ ስንቱን ታውቃለች። ደስ ሊላት በሚገባው ቀን ልቧ እንደ ከሳሽ ምስክር ይቆጥር ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከረፋዱ ላይ ደረሱ። መሪያቸው አቶ ኪዳነ ማርያም፣ ከፍሥሐ አባት ጋር በፋብሪካ አብረው የሠሩ ጡረተኛ ናቸው። እንደ ደንቡ ጉዳያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ልጅቱም እንደ ደንቡ ጓዳ ናት፤ አትጠየቅም፣ አትታይም። ሥርጉት መጋረጃው ጀርባ ብርጭቆ እያደረቀች ታዳምጣለች።

«መሪጌታ» አሉ አቶ ኪዳነ ማርያም፣ «መጫወቱን ይተው ብለው በልጁ ንስሐ አባት በኩል የላኩት ቃል ተፈጽሟል። ኪቦርዱን ሐዋሳ ላለ ሰው ሸጧል፤ ሰኞ ይጫናል። ከእንግዲህ በሠርግም በሆቴልም አይጫወትም። ቃላችንን እንዳይጠራጠሩ ዕቃውን ራሱን ይዘን መጥተናል።»

ሥርጉት ብርጭቆውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

ሣጥኑን ሁለት ሰዎች ከመንገድ አምጥተው ግቢው መሃል አኖሩት። ዳርና ዳሩ በብረት ተይዟል፤ ከታች ጎማዎቹ አሉ። አቶ ኪዳነ ማርያም ከፈቱት። ውስጡ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል፤ ስፖንጁ በኪቦርዱ ቅርጽ ልክ ተቆርጦ ኪቦርዱ ተኝቶበታል። ማቆሚያው የራሱ ቦታ፣ ፔዳሉ የራሱ ቦታ፣ ገመዶቹም ተጠቅልለው የየራሳቸው ጉድጓድ አላቸው።

መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የስፖንጁን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ። የራሳቸውን ድጓ ለመንገድ ሲያወጡት በቆዳ ማኅደር ከተው፣ ከውጭ ደግሞ ሌላ ማኅደር ደርበው ነው የሚያነግቱት። ማኅደሩን የሰፉትም እሳቸው ናቸው።

«ይህ የተተወ ዕቃ አይመስለኝም» አሉ ቀና ብለው። «ሰው የተወውን በጆንያ ጠቅልሎ ይሰጣል። ይህ ልጅ ግን አልጋ አንጥፎለታል። ጎማም አበጅቶለታል። እየሸጠ ነው ወይስ እየደበቀብኝ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። አቶ ኪዳነ ማርያም በልጆቻቸው ማሉ፤ ሌላው ለገዢው እንደውልልዎት አሉ። መሪጌታ አልመለሱላቸውም። ክዳኑን ራሳቸው፣ መጽሐፍ እንደሚያጥፍ ሰው በዝግታ መለሱት። ከዚያ ከግቢዬ አውጡልኝ አሉና ሽማግሌዎቹን ወደ ቤት አስገቡ።

ሥርጉት ጓዳው ውስጥ ደርቃ ቀረች። አባቷ የጠየቁት እሷ የጠየቀችው ነው፤ ጎማው ለምን አስፈለገ። አባትና ልጅ አንድ ሣጥን አይተው አንድ ዓይነት ጠረጠሩ። አንዳቸውም ግን እውነቱ ላይ አልደረሱም። የሚሄደው ፍሥሐ አልነበረም።

በጓሮ በር ወጣች። በጌሾው መካከል አቋርጣ፣ የድንጋዩን ካብ ተሻግራ ወደ መንገዱ ወረደች። ሽማግሌዎቹን ያመጣው ሚኒባስ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሟል። ሹፌሩ ሄዶ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቆላውን ያያል። ፍሥሐ ከኋላ ወንበር፣ ከሣጥኑ አጠገብ ነበር። ጠያቂ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይታይምና ተደብቆ መቀመጡ ነው። ሲያያት ብድግ ብሎ ራሱን ከጣሪያው ጋር አጋጨው።

«ሐዋሳ» አለችው።

«ሰማሽ።»

«ከአባቴ በኋላ። ከጭነት መኪናው ሹፌር በኋላ። ከሰው ሁሉ በኋላ ሰማሁ።»

«ብነግርሽ እምቢ ትይ ነበር።»

«እል ነበር።»

«ለዚያ ነው» አለ።

ከዚያ እንዳጠና ተማሪ ይነግራት ጀመር። ስልክ ጥገና ሱቅ ሥራ አግኝቷል፤ ጥሩ ኑሮ ይኖራሉ፤ ኪቦርድ ፕላስቲክና ሽቦ ነው፤ ሰው ለፕላስቲክ ብሎ ሚስት አያጣም። ገዢው በቦርሳ ላክልኝ ብሎት ነበር። እሱ ግን ከደብረ ብርሃን እስከ ሐዋሳ ያለውን መንገድ፣ ከላይ የሚከመረውን ብርድ ልብስ ሲያስብ እንቅልፍ እምቢ አለው። ከእጁ ቢወጣም ሳይሰበር ይድረስ አለ። ጎማውም ተቀባዩ ሲሸከመው እንዳይጥለው ነው።

«እኔን በዚህ ልክ ነው የምትወደኝ?»

«በዚህ ልክ ነው።»

«እሱንስ?»

ፍሥሐ ሣጥኑን አየ። ቀጥሎ እሷን አየ። እይታው ሲመጣ ዘግይቶ ነበር። ሥርጉት እስኪደርስ ጠብቃ ተቀበለችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ተጋብተን፣ ልጅ ወልደን፣ አንድ ቀን ቤታችን ተቀምጠን የሰው ሠርግ በበራችን ቢያልፍ፣ ኪቦርዱን ስትሰማ ወዴት ታያለህ?»

እጁ ክዳኑ ላይ ነበር። ጣቶቹ እሱ ሳያውቅ ይንቀሳቀሱ ነበር።

«ወደ እኔ ነው የምታየው። ክፉ ቃል አይወጣህም፤ አውቅሃለሁ። ታየኛለህ ብቻ። እኔም ያንን እይታ ስጠብቅ አረጃለሁ። ሲስቅ እውነቱን ነው? ዝም ሲል ምን አስቦ ነው? እያልኩ። እስካሁን ይሄዳል ብዬ ጠረጠርኩህ፤ ያን ጊዜ ደግሞ በሄድኩ ይላል ብዬ ስጠረጥርህ ልኖር ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ። ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ለአባትሽ የምሰጣቸው ሌላ ምን አለኝ?»

«ነገ ጫጫ ለሔራን ማን ነው የሚጫወትላት?»

ከታች ከገደሉ ንፋስ መጥቶ የባሕር ዛፉን ቅጠል አናወጠው። ፍሥሐ ክዳኑን ዳሰሰ። ሥርጉት አላገዘችውም።

«እኔ» አለ በመጨረሻ።

ለሐዋሳው ሰው ዛሬውኑ ደውሎ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይነሡም ሣጥኑን ይዞ በሚያልፈው መኪና እንዲሄድ ነገረችው። አንቺስ ሲላት፣ ወደ ቤት እገባለሁ አለችው። እጁን ከክዳኑ ላይ አንሥታ ለአንድ አፍታ በጉንጯ ላይ አኖረችው። በእንጨትና በቀለም ሽታ ውስጥ የእሱን ሽታ አገኘችው፤ ከዚያ በኋላ መለየቱ ከበፊቱ ይልቅ ከበዳት።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ አባቷ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ሥርጉት መጋረጃውን ገልጣ ገባች። በዚያ ቤት ልጃገረድ ሽማግሌ ፊት ቀርባ አታውቅም። እናቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ በሩ ሥር ቆመች።

«አባባ» አለች፣ «ፍሥሐ አልዋሸዎትም። ሸጦት ነበር። አሁን ግን አይሸጠውም፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ሣጥኑን ሲያዩ የገባዎት ለእኔም ገብቶኛል። ያንን ዕቃ ቢሰጥም ከልቡ አይወጣም። እኔ የምፈልገው ሰው ከነሣጥኑ ነው። እርስዎን ጥዬ፣ ኮብልዬ አልሄድም። ግን ለሌላ ሰውም አይስጡኝ።»

አንዱ ሽማግሌ ሳል አፍኗቸው ወደ ጎን ዞሩ። መሪጌታ ልጃቸውን አዩዋት፤ ቁጣ ሊመጣ ሲል ጉንጫቸው ላይ የሚታየውን ታውቀዋለች፣ ፈለገችው፣ አላገኘችውም። ከዚያ በላይ የከበደ ነገር ነበር።

«ስፖንጁን ማን ቆረጠው?» አሏት።

«ራሱ ነው።»

መቋሚያቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ «ዛሬ መልስ የለኝም፤ ተመልሳችሁ ኑ» አሉ።

አቶ ኪዳነ ማርያም ብዙ ደጅ የጠኑ ሰው ናቸው። አልሰጥም የሚባለው እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ይህ እንዳልሆነም ያውቃሉ። እጅ ነሥተው ሊነሡ ሲሉ መሪጌታ፣ ደመቀች፣ እንግዶቹ ሳይበሉ ሊሄዱ ነው እንዴ ብለው ሚስታቸውን ተቆጡ። ቤቱ እንደ ገና ተንቀሳቀሰ። ወንበር ተሳበ፣ ሰፌድ ወጣ፣ ሥርጉትም ማስታጠቢያውን ይዛ ከአዛውንቱ ጀመረች።

ከታች ከመንገዱ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ረዳቱ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን እያለ ይጮኻል። ጣሪያ ላይ አንዳች ከባድ ነገር ሲቀመጥ ተንኳኳ፤ በር ተዘጋ። አቶ ኪዳነ ማርያም እጃቸውን እየታጠቡ ዘንድሮ በልጉ እንዴት ነው ብለው ይጠይቃሉ፤ መሪጌታ ዘግይቶ መጣ፣ ገብሱ ግን አልከፋም ይሏቸዋል። ሞተሩ ዳገቱን ይዞ ወጣ፣ በጠመዝማዛው ላይ ድምፁ ቀጠነ። ሥርጉት ውሃውን ሳታቋርጥ አፈሰሰች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።